ግድቡ የሐጂ ነው፤ ጎርፉ ግን የማን ነው?

ባለፈው ነሐሴ አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። የደወሉልኝ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ አንድ እርሻ የሚጠብቁ ዘበኛ ናቸው። ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ፣ "መምህር፣ ውሃው ዛሬ ለውዱእ አልሆን አለኝ" አሉኝ፤ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ማለታቸው ነው።

የትኛው ውሃ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ከግድቡ እግር ስር የምትወጣዋ" አሉ። እርሻው ላይ የአፈር ግድብ አለ። ባለቤቱ አገሬው የሚያከብራቸው ነጋዴ ናቸው። ስማቸውን ማንሳት አልፈልግም፤ ሁሉም እንደሚጠራቸው ሐጂ ልበላቸው። ግድቡን መንግሥት አልሠራውም፣ ፕሮጀክትም አልሠራውም። ሐጂ በገዛ ገንዘባቸው ዶዘርና ሲኖትራክ ተከራይተው፣ በሁለት ጉብታዎች መሀል ያለውን ሸለቆ በአፈር ዘጉት። በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርቱበታል። የጎረቤት ከብት ሳይቀር ይጠጣበታል። ከዚያ ግድብ በታች፣ ጅረቱ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርድበት መስመር፣ እኔ ያደግኩበት ሰፈር አለ። አክስቴ ዛሬም እዚያው ናት።

ዘበኛው ሌሊቱን እዚያው ነው የሚያድሩት። ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ሲነሱ ወደ ኩሬው አይወጡም። ከግድቡ ጀርባ፣ የመስኖ ቱቦው ከሚወጣበት አጠገብ፣ አንዲት ቀጭን ውሃ ትፈሳለች። ጥርት ያለች ናት። ውዱእ የሚያደርጉት በሷ ነው። ያን ቀን ግን ደፍርሳ አገኟት። ለሐጂ ደውለው ነገሯቸው። ሐጂም "ክረምት አይደል እንዴ? የቱ ውሃ ነው ያልደፈረሰው?" አሏቸው።

መልሱ ትክክል ይመስላል። ነሐሴ ላይ ቦርከና ራሱ ጭቃ ሆኖ ነው የሚወርደው። ዘበኛው ግን አንድ ነገር ጨመሩልኝ። "አምናም ክረምት ነበር። አምናም ኩሬው ደፍርሶ ነበር። ይቺ ግን አንድም ቀን ደፍርሳ አታውቅም።" እስካሁን ከጭንቅላቴ ያልወጣው ይህ ንግግራቸው ነው።

ከውስጥ የሚሄድ አፈር

ከአፈር የተሠራ ግድብ ትንሽ ውሃ ማስረጉ በራሱ ክፉ ምልክት አይደለም። በደንብ የተሠራውም ቢሆን ጥቂት ያሳልፋል። ውሃው በተጠቀጠቀ አፈር ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚሄድ ተጣርቶ ነው የሚወጣው። ኩሬው ቢደፈርስም ከሥር የሚወጣው ጥርት የሚለው ለዚህ ነው። ከሥር የሚወጣው ሲደፈርስ ግን ውሃው ብቻውን አልመጣም ማለት ነው። አፈር ይዞ መጥቷል። አፈሩም የሚመጣው ከግድቡ ሆድ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ጣት የማታስገባ መንገድ ትከፈታለች። በሷ ያለፈ ውሃ ጥቂት አፈር ይጠርጋል። መንገዱ ሲሰፋ ብዙ ውሃ ያልፋል፤ ብዙ ውሃ ደግሞ ብዙ አፈር ይወስዳል። እንዲህ እያለ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ወደ ኩሬው እየቆፈረ ይሄዳል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ምንም የለም። ሣሩ በቅሏል፣ ጥጆች ይግጣሉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አባቶቻችን ይህን ሳያዩ አይመስለኝም።

ብዙ ጊዜ ይህ ነገር የሚጀምረው በግድቡ ሆድ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ዙሪያ ነው። በቱቦው ጎንና ሥር ያለውን አፈር ሮለር አይደርስበትም። በእጅ መጠቅጠቅ አለበት፤ ያ ደግሞ አሰልቺ ሥራ ስለሆነ ይዘለላል። ጃርትና ፍልፈል የሚቆፍሩት ጉድጓድም፣ የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ሥርም ለውሃ መንገድ ይሆናል።

ሌላው አደጋ ከላይ ነው የሚመጣው። ኮንክሪት ግድብ ውሃ በአናቱ ቢፈስበት ሊችለው ይችላል። አፈር ግን አይችልም፤ ይሸረሸራል። ስለዚህ ትርፉ ውሃ በጎን የሚሄድበት ማስተንፈሻ ይሠራለታል። መሐንዲሶቹ ስፒልዌይ የሚሉት ነው። የሐጂ ግድብም ማስተንፈሻ አለው። ግን ውሃው እንዳይባክን ተብሎ አፉ ላይ አፈር የተሞላ የማዳበሪያ ከረጢት ተደርድሮበት ነበር። ይህን እኔም ለረጅም ጊዜ ሳየው ኖሬያለሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያየዋል።

ድፍርስ ውሃ ከታየ በኋላ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀር ለመረዳት የአሜሪካውን የቲተን ግድብ ታሪክ ማንበብ ይበቃል። አይዳሆ በምትባለው ግዛት የነበረ፣ 93 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ነው። ያሠራው መንግሥት ነው፤ መሐንዲስ አልጎደለበትም። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1976፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እየሞላ ሳለ፣ ጠዋት ላይ ከጎኑ ድፍርስ ውሃ ሲወጣ ታየ። ቀዳዳውን እንዲደፍኑ ዶዘሮች ተላኩ። ቀዳዳው ዶዘሮቹን ዋጣቸው፤ ሾፌሮቹ ለጥቂት አመለጡ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡ ፈረሰ። 11 ሰዎች ሞቱ። ጠዋት ድፍርስ ውሃ፣ ቀትር ላይ ግድብ የለም።

ሁለት ሃይላንድ ውሃ

ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ እዚሁ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል ምህንድስና ጨርሶ አሁን ደሴ ይሠራል። ደወልኩለት። ዘበኛው ያሉትን ቃል በቃል ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "ጋሼ፣ መጣሁ" አለኝ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ቀትር ሳይሆን ደረሰ። ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ነበር።

ልጁ ግድቡ ላይ አልወጣም። መጀመሪያ የሄደው ወደ እግሩ ነው። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሁለት ባዶ ሃይላንድ ጠየቀ። ዘበኛው ከጎጇቸው አመጡለት። አንዱን ከኩሬው ሞላ፤ አንዱን ከግድቡ ሥር ከምትወጣዋ ሞላ። ዘበኛው የሚቀመጡባት ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አቆማቸው። "አሁን እንጠብቅ" አለ።

መጠበቁ ከባድ ነበር። ሁለቱም ሃይላንዶች ድፍርስ ናቸው። ሁለቱም ቡናማ ናቸው። ለኔ አንድ ነበሩ። ልጁ እስኪዘቅጡ ድረስ ስለ ግድቡ አሠራር ዘበኛውን ይጠይቃቸዋል። አፈሩ ከየት መጣ? ከጉብታው። ምን ዓይነት ነው? ቀይ አፈር። ሲፈስ በስንት በስንት ነበር የሚጠቀጠቀው? ዘበኛው ሳቅ አሉ፤ "ሲኖትራኩ ይገለብጣል፣ ዶዘሩ ይሄድበታል፣ አለቀ" አሉ። ደንቡ ሌላ ነው። አፈሩ 20 ሳንቲሜትር ገደማ እየተነጠፈ፣ ልክ ያለው እርጥበት ኖሮት፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ ነው ከፍ የሚለው። ቱቦውስ? ቱቦው መጀመሪያ ተዘረጋ፤ አፈሩ ላዩ ላይ ተገለበጠ።

ከቆይታ በኋላ ልጁ ሃይላንዶቹን ሳይነቀንቅ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ አያቸው። እኔም አየሁ። ከኩሬው የተቀዳው ውሃ አሁንም እንደደፈረሰ ነው፤ ከሥሩ ስስ ጥቁር ደለል ብቻ ይዟል። ከላይ ያለው ተፋሰስ ወልካ አፈር ስለሆነ የሚያመጣው ጥቁር ነው። ከግድቡ ሥር የተቀዳው ግን ከታች ወፍራም ቀይ አፈር ዘቅጦበታል። በመሀሉ የአሸዋ ቅንጣት ይታያል።

ማንም ምንም አላለም። ማስረዳትም አላስፈለገም። ቀዩ አፈር ከተፋሰሱ ሊመጣ አይችልም። ቀይ አፈር ያለው ግድቡ ላይ ነው። ዘበኛው ሃይላንዱን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩትና "ግድቡ ነዋ" አሉ።

ይህን ቅጽበት ደጋግሜ አስበዋለሁ። ማስረጃው የሚጠይቀው ሁለት ባዶ ሃይላንድና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነበር። ላቦራቶሪ አላስፈለገም። በሚሊዮን የሚገዛ መሣሪያ አላስፈለገም። ያስፈለገው በየማለዳው አንድ ቦታ ጎንበስ የሚል ሰው፣ ያ ሰው የሚናገረውን ከቁም ነገር የሚቆጥር ሌላ ሰው፣ ከዚያም ምን እንደሚያይ የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ነው። ሦስቱ የተገናኙት እኔ የሰፈሩ ልጅና የልጁ አስተማሪ ስለሆንኩ ብቻ ነው። በአጋጣሚ። ያ ነው የሚከነክነኝ።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። ልጁ ኩሬውን በእርምጃ ለካው። ወደ ኋላ 300 ሜትር ያህል፣ ግድቡ ጋ ስፋቱ 100 ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ 8 ሜትር። ሦስቱን አባዝቶ ለ6 አካፈለ፤ ለትንንሽ ግድቦች የሚሠራበት ግምት ነው። 40,000 ሜትር ኩብ መጣ። ይህ 40,000 ቶን ውሃ ነው። 20 ቶን የሚጭን ሲኖትራክ 2,000 ጊዜ ቢመላለስ የሚጨርሰው። አክስቴ ቤት በላይ።

ወሬው ሰፈር ደርሶ ጎረምሶች አካፋና ጭቃ ይዘው መጡ። ቀዳዳውን ሊደፍኑ ነው። ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ልጁ ግን "በጭራሽ!" ብሎ ቆመባቸው። በመውጫው ላይ ከደፈናችሁት ውሃው ውስጥ ታፍኖ ሌላ መውጫ ይፈልጋል አለ። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ግን ይቅር። ስለዚህ መጀመሪያ አሸዋ፣ ከሱ ላይ ጠጠር፣ ከሱ ላይ ድንጋይ ይደረደራል። ውሃው በአሸዋው ውስጥ አልፎ ይወጣል፤ የግድቡ አፈር አሸዋው ጋ ይያዛል። ለቤት ሥራ አሸዋ የተራገፈለት አንድ ጎረቤት ነበር። አሸዋውን ለማንሳት ባለቤቱን የጠየቀ ሰው መኖሩን እንጃ። ባለቤቱ ራሱ በጆንያ ተሸክሞ ሲመጣ አይቼዋለሁ።

ሐጂ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ማስተንፈሻው ላይ ያለው ከረጢት ይነሳ፣ የቱቦው ቫልቭም ይከፈት ሲባሉ ፊታቸው ተለወጠ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ውሃ ስንት ብር እንደሆነ ታውቃለህ? የበጋ ሽንኩርቴን ነው ወንዝ ላይ ድፋው የምትለኝ?"

"ሐጂ፣ በአንዴ ይራገፍ አላልኩም። በአንዴ ከቀነሰ የውስጥ ጎኑ ሊናድ ይችላል። ቀስ ተብሎ ግን ዛሬውኑ መውረድ አለበት።"

"ካልወረደስ? ስንት ቀን አለን?"

"አላውቅም። ማንም አያውቅም።"

ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን የምለው ለይሉኝታ አይደለም። ድርቅ ባለበት ዓመት የሰው ከብት ከኩሬያቸው አልከለከሉም። በዚያ ሰዓት ግን ዓይናቸው ውሃው ላይ ነበር። አክስቴ ከሴቶቹ መሀል ወጣ አለችና "ሐጂ፣ ውሃው የአንቱ ነው። የሚመጣው ግን ወደኔ ቤት ነው" አለቻቸው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ሐጂ መለስ ብለው ወደ ሰፈሩ አዩ። ከግድቡ አናት ላይ ሆኖ ሲታይ የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ከእግር በታች ነው። "ክፈቱት" አሉ።

ማታ የቅሬው (የሰፈሩ እድር) ዳኛ በጠሪ አስነግረው ከጅረቱ ዳር ያሉት ቤተሰቦች ወደ ዳገቱ ወጥተው ዘመድ ቤት አደሩ። ቱቦው ብዙ ቀን ፈሰሰ። ግድቡ አልፈረሰም። ከአሸዋው ሥር የሚወጣው ውሃም ጠራ።

"የግል ነው"

ከዚያ በኋላ ቢሮ ለቢሮ መዞር ጀመርኩ። የፈለግኩት ነገር ቀላል ነበር። ይህን ግድብ ማን ነው የሚያየው? አንዱ ቢሮ "እኛ የመንግሥት መስኖ ነው የምንከታተለው፤ ይሄ የግል ነው" አለኝ። ሌላው "ፈቃድ ሲጠየቅ ነው የምናየው፤ ይሄ አልተጠየቀም" አለኝ። ሦስተኛው ጋ ፋይል ቢኖርም ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም። የሻከረ መልስ የሰጠኝ የለም፤ ሁሉም በትሕትና ነው ወደ ሚቀጥለው የሸኙኝ። ብዙዎቹ በጥቂት ሰው ብዙ ቀበሌ የሚሸፍኑ ባለሙያዎች ናቸው። ሞተር ሳይክል አለ፣ ነዳጅ የለም። አልፈርድባቸውም። ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም።

ሕጉ የለም እንዳይባል ደግሞ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 197፣ የውሃ ሥራ የሚገነባ ሰው ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት ይናገራል። በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድን፣ ባህላዊ መስኖንና የውሃ ወፍጮን ከፈቃድ ነፃ ያደርጋል። በዶዘር የተሠራ የ8 ሜትር ግድብ ባህላዊ መስኖ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን ፈቃድ አንድ ነገር ነው፤ ከፈቃዱ በኋላ በየክረምቱ ሄዶ ማየት ሌላ ነገር ነው። እኛን የጎደለን ሁለተኛው ነው።

ግድብ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። የሕዳሴ ግድብ 145 ሜትር ከፍታ እንዳለው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንደሚይዝ ተማሪዎቼ በቃላቸው ይነግሩኛል። ቦንድ ያልገዛ የመንግሥት ሠራተኛ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ያ ግድብ ቀንና ሌሊት የሚከታተሉት መሐንዲሶች አሉት። በዓለም አቀፉ የትልልቅ ግድቦች ኮሚሽን አቆጣጠር ትልቅ ግድብ የሚባለው ከ15 ሜትር ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ያለው በጣም ብዙ ውሃ ካልያዘ በቀር ትንሽ ነው። ለማን ነው ትንሽ? ከሥሩ ለሚተኛ ሰው 40,000 ቶን ትንሽ አይደለም።

ኬንያውያን ይህን በከባድ ዋጋ ነው ያወቁት። እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2018፣ ናኩሩ አውራጃ ሶላይ በተባለ ቦታ፣ በአንድ የግል እርሻ ላይ የነበረ የአፈር ግድብ ከከባድ ዝናብ በኋላ በሌሊት ተደረመሰ። ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሕፃናትና ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በባለቤቱም በመንግሥት ሠራተኞችም ላይ ክስ ተመሠረተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የተመሠረተው ክስ የሞተውን አልመለሰም።

እንግሊዞች ደግሞ ትምህርቱን ሕግ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1925 ዌልስ ውስጥ ዶልጋሮግ የተባለች መንደር ከላይዋ የነበሩ ሁለት ግድቦች ተከታትለው ፈርሰው 16 ሰዎች ሲሞቱባት፣ በ1930 የግድብ ደኅንነት ሕግ ወጣ። በ1975 እሱን የተካው ሕግ ደግሞ ከ25,000 ሜትር ኩብ በላይ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ያለው ሰው፣ መንግሥትም ይሁን ግለሰብ፣ ቢያንስ በየ10 ዓመቱ በገለልተኛ መሐንዲስ እንዲያስመረምር አዘዘ። በመሀሉም የሚከታተል መሐንዲስ እንዲኖረው አደረገ። ወጪው የባለቤቱ ነው። ዌልስ በኋላ ልኩን ወደ 10,000 አወረደችው። የሐጂ ግድብ እዚያ ቢሆን ኖሮ በየትኛውም ልክ ይመዘገብ ነበር።

ሕግና ተቆጣጣሪ መኖር ብቻውንም አይበቃም። ሚሺገን ውስጥ ኤደንቪል የተባለ የግል ግድብ ነበር። ማስተንፈሻው ለትልቅ ጎርፍ አይበቃም እየተባለ ባለቤቱ ለዓመታት ተነግሮታል። አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2018 የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ የኃይል ማመንጫ ፈቃዱን ነጠቀው። ቅጣት ነበር፤ ግን ፈቃዱ ሲነጠቅ ግድቡ ከዚያ ተቆጣጣሪ እጅ ወጥቶ ወደ ግዛቱ ተዛወረ። ውሃው እዚያው ነው። በ2020 ሜይ ላይ ግድቡ ተናደ፤ ከታች ያለውን ሳንፎርድ የሚባለውን ግድብም ይዞት ሄደ። ወደ 10,000 ሰው ቀድሞ እንዲወጣ በመደረጉ ግን ሕይወት አልጠፋም። ባለቤቱን መቅጣት ግድቡን አላዳነውም። ሰዎቹን ያዳናቸው በጊዜ የደረሳቸው ማስጠንቀቂያ ነው።

ያየው፣ የሚከፍተውና የሚጎርፍበት

እንግዲህ እኔ እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። ያን ቀን ድፍርሱን ያዩት ዘበኛው ናቸው። ቫልቩን ለመክፈት ሥልጣን ያላቸው ሐጂ ናቸው። ጎርፉ የሚመጣባት አክስቴ ናት። ሦስት የተለያዩ ሰዎች። በሦስቱ መሀል ምንም መስመር አልነበረም። ዘበኛው አለቃቸውን ካስቆጡ እንጀራቸው ይቋረጣል። አክስቴ ግድቡ ላይ ለመውጣት የሰው ይዞታ መርገጥ አለባት። ሐጂ ደግሞ የሚያስተኛ መልስ ካገኙ ለምን ሌላ ይጠይቃሉ? ቁጥጥር ስንል ብዙዎቻችን የሚታየን ማኅተም የያዘ ሰው ነው። ለኔ ቁጥጥር ማለት ከሁሉ በፊት ይህን መስመር መዘርጋት ነው። ማኅተሙም ያስፈልጋል፤ ግን በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ዘበኛው ግን በየማለዳው እዚያው ናቸው።

"በገዛ ገንዘቤ የሠራሁትን ማን ነው የሚያየው?" የሚል ስሜት ይገባኛል። ሐጂም አንድ ቀን እንዲህ ብለውኛል። ቤት ቢሆን እስማማ ነበር። ቤት ቢፈርስ በዋናነት በባለቤቱ ላይ ነው። ግድብ ግን ሲፈርስ ባለቤቱ ውሃውን ነው የሚያጣው፤ ሌላው ሕይወቱን። ጥቅሙ ከላይ፣ አደጋው ከታች የሆነ ነገር በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ መተዳደር የለበትም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ደግነቱ ወሎ ላይ ቅሬ አለ። ቅሬ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲጣላ ያስታርቃል፣ መንገድ ሲበላሽ ያስጠግናል። የኛም ቅሬ በመስከረም ተሰብስቦ ጉዳዩን አየው። ክርክሩ ረጅም ነበር። አንዳንዱ ግድቡ ጨርሶ ይፍረስ አለ። አንዳንዱ ደግሞ የሰው ሀብት ላይ መናገር ነውር ነው አለ። መጨረሻ ላይ የተስማማነው በጽሑፍ ሰፈረ፤ ሐጂም ፈረሙ። ዘበኛው ድፍርስ ውሃ፣ አዲስ እርጥበት፣ ስንጥቅ ወይም የአናት መስመጥ ካዩ ለሐጂም ለቅሬው ዳኛም እኩል ይደውላሉ፤ በዚህም ከሥራ አይባረሩም። ከሰፈሩ ሁለት ሰዎች በክረምት ግድቡን የመዞር መብት አላቸው። ማስተንፈሻው ላይ ምንም ነገር አይደረደርም። ግድቡ ላይ ዛፍ አይተከልም። አደጋ ካለ የመስጊዱ ድምጽ ማጉያ ይጠራል፤ ወዴት እንደሚወጣም ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል።

በጥር ውሃው በደንብ ሲጎድል ልጁ በቱቦው መስመር አስቆፈረ። የተጠበቀው ነው የተገኘው። በቱቦው ሥር አፈሩ ተጠርጎ ክንድ የሚያስገባ ባዶ ቦታ ነበረ። ተቆፍሮ ወጣ፤ እንደገና በስሱ እየተነጠፈ በእጅ ተጠቀጠቀ፤ ወደ ውጭ በኩል ቱቦው ዙሪያ አሸዋ ተደረገበት። ማስተንፈሻው ሰፍቶ ድንጋይ ለበሰ። ሐጂ ከፈሉ። ብዙ ነው የከፈሉት፤ ያንን ዓመት ሽንኩርትም በግማሽ ነው የዘሩት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት እሳቸው ራሳቸው ናቸው ለሠራተኞቹ ሲነግሩ የሰማሁት።

ያልተፈቱ ነገሮች አሉ። የቅሬው ስምምነት ሐጂ ቢሸጡት አዲሱን ባለቤት አያስገድድም። ልጁ እስካሁን በነፃ ነው የሚመላለሰው፤ ይህ ለዘላለም አይሆንም። እኔ ለወረዳው በጻፍኩት ደብዳቤ የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው። በዶዘር የተሠሩ የግል ግድቦች ሁሉ ይመዘገቡ፤ ከክረምት በፊትም አንድ የሚመለከተው ባለሙያ የባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠብቅ ሄዶ ይያቸው። ኮምቦልቻ ውስጥ ምህንድስና የሚማሩ ልጆች ሞልተዋል፤ ለተግባር ልምምድ ከመምህራቸው ጋር ቢወጡ ለነሱም ለእኛም ነው። ደብዳቤው ለባለሙያ ተመርቷል ተብያለሁ። ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ።

ዘበኛው ደግሞ ሰሞኑን ሌላ ነገር ነገሩኝ። ከሐጂ ግድብ በላይ፣ በዚያው ጅረት ላይ፣ ሌላ ሰው ያሠራው ግድብ አለ። ዘበኛ የለውም። ማስተንፈሻው የት እንዳለም አላዩም። ያ ግድብ ከፈረሰ ውሃው የሐጂን ግድብ በአናቱ ነው የሚያልፈው። የቅሬው ዳኛ ባለቤቱን ያውቁታል፤ ደሴ ነው የሚኖረው። ሰኔ ሳይገባ ልጁን፣ ዘበኛውንና ሐጂን ይዘን እንድንሄድ ቀጠሮ አስይዘውልናል። ሐጂ "መጀመሪያ እኔ ላናግረው" ብለዋል።